ምዕራፍ 7፦ ትንሿ ባቡር ፍርድ ቤት ስትቆም

ከስቶክሆልም መሀል ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወጡ ኩንገንስ ኩርቫ የሚባል የገበያ ሰፈር አለ። ትልቅ የኢኬያ መደብር ከ1965 ጀምሮ እዚያ አለ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከልጆች ዕቃ መደርደሪያው ላይ ሊላቡ የሚባል የእንጨት ባቡር ይገኛል። ስዊድን ውስጥ ልጅ ያሳደገ ሐበሻ ይህን ዕቃ ያውቀዋል፤ ቢያንስ ቢያንስ ሌሊት ውኃ ሊጠጣ ሲነሣ በባዶ እግሩ ረግጦታል።

ከሐዲዱ አንዷን ቁራጭ አንሥተው ይመልከቷት። ላይዋ ላይ ጎማዎቹ የሚሄዱባቸው ሁለት ቦዮች አሉ። በአንዱ ጫፍ ክብ ራስ ያለው አጭር አንገት ወጥቷል፤ በሌላው ጫፍ ያንኑ ራስ የሚቀበል ጎድጓዳ አለ። አሁን የብሪዮን ሐዲድ ከጎረቤት ተውሰው ያጋጥሙት፤ ልክክ ይላል። ብሪዮ ሌላ ኩባንያ ነው። ኢቫር ቤንግትሰን የተባለ ሰው በ1884 በደቡብ ስዊድን ኦስቢ በምትባል ከተማ አቅራቢያ የመሠረተው፣ በ1958 የእንጨት ባቡሩን ለገበያ ያወጣ፣ በ2015 ራቨንስበርገር የተባለው የጀርመን ድርጅት የጠቀለለው ነባር ስም ነው። ታዲያ ብሪዮ በሠራው መንገድ ላይ የኢኬያ ባቡር ሽር ሲል ብሪዮ ተነሥቶ «አቁም!» የማይለው ለምንድን ነው?

መልሱ ከሕጉ ውስጥ ነው። ፓተንት ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ይቆያል። (በኢትዮጵያ በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 መጀመሪያ 15 ዓመት ይሰጥና፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ 5 ዓመት ይጨምራል።) በአውሮፓ ኅብረት የተመዘገበ ንድፍ ቢበዛ 25 ዓመት ይጠበቃል። እንግዲህ ሒሳቡን ይሥሩት፤ በ1958 የወጣ መጋጠሚያ የዛሬው ሕግ ረጅሙ ዕድሜ ቢሰጠው እንኳ በ1983 ነፃ በወጣ ነበር። ከዚህም ሌላ የኅብረቱ የንድፍ ሕግ አንድ ዕቃ ከሌላው ጋር ይገጥም ዘንድ የግድ በዚያው ቅርጽና ልክ መሠራት ያለበትን ክፍል ከጥበቃው ያወጣዋል። «የንግድ ምልክቴ ነው» ብሎ ለዘላለም መያዝስ? ሌጎ ይህንኑ ሞክሮ ነበር። የፕላስቲክ ጡቡን ቅርጽ እንደ ንግድ ምልክት ለማስመዝገብ ሲከራከር ቆይቶ መስከረም 14 ቀን 2010 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ፈረደበት። ቴክኒካዊ ሥራ የሚሠራ ቅርጽ በንግድ ምልክት ስም የአንድ ሰው ርስት አይሆንም ተባለ።

እርግጥ ሕጉ አንድ ቀዳዳ ትቷል። እርስ በርሳቸው እየተገጣጠሙ ብዙ ነገር የሚሠራባቸው ዕቃዎች ንድፋቸው አዲስና የራሱ መልክ ያለው ከሆነ መጋጠሚያቸው ሊጠበቅ ይችላል፤ ሌጎም በዚህ በር ገብቶ ተከራክሯል። እሱም ቢሆን ከ25 ዓመቱ አያልፍም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ባቡር ክስ ሲወራ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ሎኮሞቲቩ ላይ ስለሆነ ነው። የሞዴል ባቡር ወዳጅ ግን አንድ ሎኮሞቲቭ ገዝቶ አያበቃም። ሐዲድ ይጨምራል፣ ፉርጎ ይጨምራል፣ መቆጣጠሪያ ይገዛል፣ ከዓመታት በኋላም ሌላ ሎኮሞቲቭ ያመጣል። ገንዘቡ ያለው እነዚህ ሁሉ ተግባብተው በሚሠሩበት ቦታ፣ መጋጠሚያው ላይ ነው። አምራቾቹ እርስ በርስ ሲካሰሱ መጋጠሚያው ከተነካ የሚከፍለው ተከሳሹ ብቻ አይደለም፤ የችሎቱን ደጅ ያልረገጠው ገዢም አብሮ ይከፍላል።

ስቶክሆልም ለዚህ ዓይነት ሙግት ባዕድ ከተማ አይደለችም። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅትን ያቋቋመው ስምምነት የተፈረመው ሐምሌ 14 ቀን 1967 እዚሁ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1998 አባል ሆናለች። ከመስከረም 1 ቀን 2016 ጀምሮ የመላ ስዊድን የፓተንትና የገበያ ክርክር የሚታየው በስቶክሆልም ወረዳ ፍርድ ቤት ሥር በተቋቋመ ልዩ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ይግባኙ ስቬያ ወደሚባለው ይግባኝ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሰኔ 1 ቀን 2023 ሥራ የጀመረው የአውሮፓ የጋራ የፓተንት ፍርድ ቤትም ለስዊድን፣ ለኢስቶኒያ፣ ለላትቪያና ለሊትዌኒያ የሚያገለግለውን ቅርንጫፉን መቀመጫ ያደረገው እዚህ ነው። የትንንሾቹን ባቡሮች ዕጣ የወሰኑት ትልልቅ ክሶች ግን የተሰሙት በዲትሮይት፣ በኦማሃ፣ በኑረምበርግና በሳን ፍራንሲስኮ ነው። ፍርዱ ውቅያኖስ ተሻግሮ ስቶክሆልም ያለውን ጠረጴዛ እንዴት እንደነካ ለማየት መጀመሪያ ጠረጴዛውን ማወቅ ያስፈልጋል።

የእንጨቱ ባቡር የልጅ ነው። ሞዴል ባቡር የሚባለው ግን በአብዛኛው የአዋቂ ጨዋታ ነው፤ በስቶክሆልም የቴክኒክ ሙዚየም የተዘረጋውን ያየ ሰው አባቶች ከልጆቻቸው ይልቅ አፍጥጠው ሲቆሙ ሳይታዘብ አይቀርም። በአውሮፓ የተለመደው ምጣኔ ኤች ዜሮ ይባላል፦ እውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ አንሶ፣ የሁለቱ ሐዲዶች ርቀት 16.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ። ከ1967 ጀምሮ የስዊድንን ሐዲድ የተቆጣጠረው የአሴአ ፋብሪካ አርሲ ሎኮሞቲቭ በዚህ ምጣኔ ሲሠራ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ድምፅ የሚያወጣ፣ መብራቱ የሚበራ ዲጂታል ሎኮሞቲቭ አዲሱን ለመግዛት ብዙ ሺህ ክሮነር ይጠይቃል። የአንድ ወር የቤት ኪራይ ግማሽ የሚሆን ገንዘብ እጅ መዳፍ ላይ ያርፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ነገ የማይሠራ ከሆነ ኪሳራው የአሻንጉሊት ኪሳራ አይባልም።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያው መለያያ ከዲጂታል ዘመን በፊት የመጣ ነው። በ1859 በጀርመን ጎፒንገን የተመሠረተው ማርክሊን ኤሌክትሪኩን በራሱ መንገድ ያደርሳል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል፣ በእንጨት መሳዮቹ አግዳሚዎች ላይ፣ ጥቃቅን የብረት ነጥቦች ተሰክተዋል። ሎኮሞቲቩን ገልብጠው ሆዱን ቢያዩት ረጅም የብረት ምላስ ያገኛሉ፤ ምላሱ በነጥቦቹ ላይ እየተንሸራተተ ኤሌክትሪክ ይስባል። የሌሎቹ አምራቾች ሎኮሞቲቮች ግን በአብዛኛው ምላስ የላቸውም፤ አንዱ ሐዲድ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ሆኖ ጎማው ራሱ ኤሌክትሪክ ይቀበላል። ሁለቱ አይደባለቁም። ስዊድን ውስጥ ሁለቱም ወገን ብዙ ተከታይ ስላለው የዕቃው ሻጭ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «ማርክሊን ነው ወይስ ባለ ሁለት ሐዲድ?» የሚል ነው።

ሁለተኛው መለያያ የመጣው በ1980ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ባቡሩ የሚታዘዘው በኤሌክትሪኩ መጠን ነበር፤ ሲጨምሩ ይፈጥናል፣ ሲቀንሱ ይዘገያል። በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ሎኮሞቲቭ ካለ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ዲጂታል ሲመጣ ሐዲዱ ሁልጊዜ ሙሉ ኤሌክትሪክ ይዞ፣ በኤሌክትሪኩ ላይ ትእዛዝ ተጭኖ መሄድ ጀመረ። በእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ዲኮደር የሚባል ጥፍር የሚያህል ሰሌዳ አለ፤ «ቁጥር 3፣ መብራትህን አብራ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ቁጥር 3 ብቻ ይታዘዛል። እንግዲህ ጥያቄው ተነሣ፦ ትእዛዙ በየትኛው ቋንቋ ይነገር? የጀርመኑ ሌንዝ ኩባንያ የሠራውን ዘዴ በ1935 የተቋቋመው የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጋራ ደረጃ አድርጎ ተቀበለው፤ ዲሲሲ ይባላል። ሌንዝም ማንም አምራች በዚህ ቋንቋ ዲኮደር እንዲሠራ በሩን ከፈተ። ማርክሊን የራሱን ቋንቋ ይዞ ቀረ፤ ኋላ ግን አዳዲስ መቆጣጠሪያዎቹ ዲሲሲንም መናገር ጀመሩ። ገበያው አስገደደው ማለት ይሻላል።

ቋንቋው የጋራ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚመጣ የታየው በአሜሪካ ነው። እዚያ ከኤች ዜሮ የሚተልቅ፣ ሦስት ሐዲድ ያለው ኦ የሚባል ምጣኔ አለ፤ ንጉሡም ጆሹዋ ላየነል ካወን በ1900 በኒው ዮርክ የመሠረተው ላየነል ነው። አሜሪካዊ «የአሻንጉሊት ባቡር» ሲል ላየነል ማለቱ ነው። በ1980 ደግሞ ማይክ ዎልፍ የተባለ የሜሪላንድ ወጣት ማይክስ ትሬን ሃውስ የሚል ድርጅት ከፈተ፤ ባጭሩ ኤምቲኤች። ለጥቂት ዓመታት ኤምቲኤች ለላየነል ባቡር እያሠራ ያቀርብ ነበር። በ1993 ዎልፍ የራሱን ሎኮሞቲቭ በራሱ ስም ሊሸጥ ሲነሣ ውሉ ፈረሰ፤ ሁለቱ ጠላት ሆኑ።

ሁለቱም ባቡራቸውን የሚያሠሩት በኮሪያ ነበር። የኤምቲኤች ሳምሆንግሳ በተባለ ፋብሪካ፣ የላየነል ኮሪያ ብራስ በተባለው። ከሳምሆንግሳ ወጥቶ ወደ ተቀናቃኙ የሄደ ሰው የኤምቲኤችን የምሕንድስና ሥዕሎች ይዞ ሄደ ተባለ። እነዚህ ሥዕሎች ተራ ወረቀት አይደሉም፤ የእያንዳንዷ ብሎንና የእያንዳንዷ መስኮት ልክ የሰፈረባቸው፣ ብዙ ገንዘብ የሚፈጀው የብረት ቅርጽ ማውጫ የሚቀረጽባቸው ናቸው። ኮሪያ ውስጥ ሰዎች በወንጀል ተፈረደባቸው። ኤምቲኤች በ2000 ላየነልን ራሱን በንግድ ምስጢር ስርቆት በዲትሮይት የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። በሰኔ 2004 ከሕዝብ የተውጣጡት ዳኞች ለኤምቲኤች ፈረዱ፤ ካሣው ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ላየነል ይህን መክፈል አልቻለም። በኅዳር 2004 የኪሳራ ሕግ ከለላ ጠየቀ። የመቶ አራት ዓመቱ ስም በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ገባ፤ ከባለድርሻዎቹ አንዱ ዘፋኙ ኒል ያንግ ነበር። ያንግ ወደዚህ ነገር የገባው ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጁ በቀላሉ የሚጫወትበት መቆጣጠሪያ ፍለጋ ነው፤ የላየነል ዲጂታል መቆጣጠሪያ የተወለደውም ከዚያ ፍለጋ ነው። በታኅሣሥ 2006 ደግሞ በሲንሲናቲ ያለው ስድስተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የዲትሮይቱን ፍርድ ሻረው። የሥር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ምስክሩን ዘዴ በቅጡ ሳይመረምር ቃሉን ተቀብሏል፤ በኮሪያው ችሎት የቀረበው ባለሙያ የደረሰበት መደምደሚያም ለአሜሪካ ዳኞች መነገር አልነበረበትም አለ። ነገሩ እንደገና ሊጀመር ሲል ተስማሙ። ላየነል 12 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተዋውሎ በ2008 ከኪሳራው ወጣ።

ከመዝገቡ ላይ የሚነበበው ይህ ነው፤ ማን ስንት ከፈለ። የባቡሩ ወዳጅ ሒሳብ ግን መዝገብ ላይ የለም። ሁለቱ ተቀናቃኞች በጠላትነት በከረሙባቸው ዓመታት ሁለት የማይግባቡ የዲጂታል ዘዴዎች ሠሩ። ላየነል በ1990ዎቹ አጋማሽ የራሱን፣ ኤምቲኤች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሱን አወጣ። የሁለቱንም ሎኮሞቲቭ የወደደ ሰው ሁለት መቆጣጠሪያ፣ ሁለት ሪሞት ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። የኤምቲኤች መሣሪያ የላየነልን ባቡር ሊያዝ ይችላል፤ ግን የላየነል ጣቢያ አጠገቡ ተሰክቶ፣ በመካከላቸው ገመድ ተዘርግቶ ነው። ገዢው ለሁለቱም ከፍሎ ነው የሚያስታርቃቸው። በእኔ ፍርድ ከ40 ሚሊዮኑ ይልቅ ይህ ገመድ የክርክሩን ዋጋ ያሳያል። በአንጻሩ የስቶክሆልሙ ሰው የሌንዝን ዲኮደር በኦስትሪያ ሮኮ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ከትቶ በሌላ ፋብሪካ መቆጣጠሪያ ያዝዘዋል፤ ማንንም አስፈቅዶ አያውቅም።

ኤምቲኤችን ክፉ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም፤ ሥዕሉን የተሰረቀ ሰው ይከስሳል። ደግሞም ያው ኩባንያ በሌላ መዝገብ የባቡር ወዳጆች ጠበቃ ሆኖ ቆሟል። ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ባቡር ድርጅት በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ስሜንና ቀለሜን በሞዴላችሁ ላይ የምትቀቡ ሁሉ ፈቃድ አውጡ፣ ክፍያ ክፈሉ» አለ። ይህ የራሱን ቢጫ ቀለም ብቻ የሚመለከት አልነበረም። ድርጅቱ ባለፉት ዓመታት ሚዙሪ ፓሲፊክን፣ ቺካጎ ኤንድ ኖርዝ ዌስተርንን፣ ሳውዘርን ፓሲፊክንና ሌሎችንም ጠቅልሎ ነበር፤ እንግዲህ በሐዲድ ላይ ከጠፉ ዘመናት ያለፋቸውን ድርጅቶች ስም በትንሽ ፉርጎ ላይ መጻፍም ሊያስከፍል ሆነ። በ2004 ኦማሃ ውስጥ ላየነልንና አቴርን የተባለውን አምራች ከሰሰ። ትልቁ አምራች ፈቃዱን ገዝቶ ዋጋው ላይ ይጨምራል። ጓዳው ውስጥ የፉርጎ ጽሑፍ በሚላጥ ወረቀት ላይ እያተመ የሚሸጠው አንድ ሰው ግን ጠበቃ መቅጠር ቀርቶ የውሉን ገጾች አንብቦ አይጨርስም። ኤምቲኤች እምቢ አለና ተሟገተ፤ በኅዳር 2006 ስምምነት ተደረሰ፦ ዩኒየን ፓሲፊክ ለሞዴል አምራቾች ያለ ክፍያ፣ ጊዜ የማይገድበው ፈቃድ ለመስጠት ተስማማ።

አውሮፓ ይህንኑ ጥያቄ በመኪና አነሣችው። በ2004 ኦፔል በጀርመን ገበያ ላይ በሪሞት የምትሄድ ትንሽ አስትራ አገኘ፤ ግንባሯ ላይ የኦፔል የመብረቅ ምልክት አለ። ሠሪው አውቴክ የተባለ የኑረምበርግ ኩባንያ ነበር፤ ፈቃድ አልጠየቀም፤ በመመሪያ ወረቀቱና በሪሞቱ ላይ ግን የራሱን ስም አትሟል። ኦፔል ምልክቱን ለመኪና ብቻ ሳይሆን ለአሻንጉሊትም አስመዝግቦ ስለነበር ነገሩ ቀላል መስሎት ከሰሰ። የኑረምበርጉ ፍርድ ቤት ወደ ሉክሰምበርግ ላከው። ጥር 25 ቀን 2007 የአውሮፓ ፍርድ ቤት የሰጠው መልስ ወደ ገዢው ጭንቅላት የሚያይ ነው፦ አሻንጉሊት የሚገዛው ሰው ያን ምልክት ሲያይ «ይህን የሠራው ኦፔል ነው» ብሎ ያስባል ወይስ «እውነተኛው መኪና ላይ ያለው እዚህም አለ» ብሎ? ጥር 14 ቀን 2010 የጀርመን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለተኛውን ያዘ። ኦፔል ተረታ። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና የሚሠራው ልጅ ቦኔቱ ላይ የቶዮታን ምልክት ሲስል የሚያስበውን፣ የጀርመን ዳኞች ስድስት ዓመት ፈጅተው ደረሱበት።

ይህ ፍርድ ስቶክሆልምን በቀጥታ ይነካታል፤ ስዊድን የኅብረቱ አባል ናት፣ የንግድ ምልክት ሕጓም ከኅብረቱ ሕግ ጋር የተጣጣመ ነው። የስዊድን መንግሥት የባቡር ድርጅት ኤስዬ በ2001 መጀመሪያ ተከፋፍሎ መንገደኛው ለአንድ ኩባንያ፣ ጭነቱ ግሪን ካርጎ ለተባለ ሌላ ኩባንያ ሄዷል። የ1970ዎቹን ብርቱካናማ አርሲ በሞዴል የሚሠራ ሰው የማን ፈቃድ ሊጠይቅ ነው? የኦፔል መዝገብ መንገዱን ያሳየዋል፦ ምልክቱ የእውነተኛው ባቡር አካል ሆኖ ከቀረበና አብሮት በሚመጣው መመሪያ ላይ የራሱን ስም ካተመ፣ ዳኛው ፊት የሚቆምበት መሬት አለው።

ከሁሉም ክሶች ለእኔ የሚገርመኝ ግን አምራች ከአምራች ጋር የተካሰሰበት አይደለም፤ አንድ ባቡር ወዳጅ ራሱ የተሟገተበት ነው። ሮበርት ጄኮብሰን ክሱ ሲጀመር በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበር። በትርፍ ጊዜው ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር ጄኤምአርአይ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራ ነበር፤ ፕሮግራሙ ሞዴል ባቡርን ከኮምፒውተር ለማዘዝና ዲኮደር ለማስተካከል ነው፣ ዋጋው ዜሮ ነው፣ ውስጡም ለማንም ክፍት ነው።

የዲኮደር ማስተካከልን ነገር ያልሞከረ ሰው ድካሙን አይገምተውም። በእያንዳንዱ ዲኮደር ውስጥ ቁጥር የተሰጣቸው ብዙ የማስታወሻ ሳጥኖች አሉ። ሳጥን 1 የባቡሩ መለያ ቁጥር ነው፤ ሳጥን 3 ሲነሣ ቀስ ይበል ወይስ ይፍጠን የሚለውን ይወስናል፤ ሳጥን 29 ስምንት የተለያዩ ማብሪያ ማጥፊያዎችን በአንድ ቁጥር አጭቆ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ፋብሪካ የፈለገውን ይጨምራል። የጄኮብሰን ባልደረቦች የየፋብሪካውን መመሪያ ቁጭ ብለው እያነበቡ፣ እየሞከሩ፣ ሳጥኖቹን ሰው በሚገባው ቃል ተረጎሙና በፋይል አስቀመጡ። አንድ ሰው አንዱን ዲኮደር፣ ሌላው ሌላውን። የብዙ ሰው የማታ ሥራ ነው።

በ2005 ለጄኮብሰን ደብዳቤ ደረሰው። ካም ኢንዱስትሪስ የተባለ በኦሪገን ያለ የሞዴል ባቡር ሶፍትዌር ሻጭ ፕሮግራማችሁ ፓተንቴን ይጥሳል አለው። ደረሰኝም ተከተለ፦ 7 ሺህ ቅጂ፣ እያንዳንዱ በ29 ዶላር፣ ድምሩ 203 ሺህ ዶላር። በነፃ ለሚሰጥ ፕሮግራም! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ድረ ገጹን ዘግቶ ወደ ፊዚክሱ ይመለስ ነበር። ጄኮብሰን በመጋቢት 2006 ሳን ፍራንሲስኮ ፍርድ ቤት ሄዶ ራሱ ከሳሽ ሆነ። በክርክሩ መሀል ሌላ ነገር ተገለጠ፤ ካም በሚሸጠው ምርት ውስጥ የጄኤምአርአይ የዲኮደር ፋይሎች ገብተዋል፣ የሠሪዎቹ ስምና የመብት መግለጫው ግን ተነሥቷል።

አሁን የሕግ ጥያቄው እንዲህ ሆነ። ጄኮብሰን ፋይሎቹን የሰጠው «ውሰዱ፣ ቀይሩ፣ አሰራጩ፤ ስማችንን ግን አታጥፉ፣ የቀየራችሁትንም ግለጹ» በሚል ፈቃድ ነው። ይህን ያፈረሰ ሰው ያጠፋው ውል ነው ወይስ የቅጂ መብት? ልዩነቱ ለአንባቢ ቃላት መሰንጠቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ውል ብቻ ከሆነ በነፃ የተሰጠ ዕቃ ስለሆነ የሚጠየቅ ካሣ አይገኝም፣ እግድም አይታዘዝም። የሥር ፍርድ ቤቱ በ2007 ይህንኑ ብሎ እግዱን ከለከለ። ሊኑክስን፣ ዊኪፔዲያንና መሰሎቻቸውን የሚያንቀሳቅሱት ድርጅቶች ደንግጠው ከጄኮብሰን ጎን ለይግባኙ አስተያየት አስገቡ፤ የእነሱም ሥራ የቆመው በዚያው ዓይነት ፈቃድ ላይ ነው። ነሐሴ 13 ቀን 2008 በዋሽንግተን ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረ። ገንዘብ ያልተቀበለ ሰው በስሙ መጠራት፣ በሥራው መታወቅ፣ በሌሎች እርዳታ ሥራውን ማሻሻል ይጠቅመዋል፤ የፈቃዱ ቃላትም ቅድመ ሁኔታ ናቸው፣ የጣሳቸው የቅጂ መብት ጥሷል አለ። በየካቲት 2010 በስምምነት አለቀ። ካም 100 ሺህ ዶላር ሊከፍል፣ ፋይሎቹንም ዳግመኛ ላይነካ ተስማማ።

በካም ኃላፊ ስም «ጄኮብሰን በካትዘር ላይ» የሚባለው ይህ መዝገብ ዛሬ ሞዴል ባቡር አይተው በማያውቁ የሕግ ተማሪዎች ይነበባል። ስልክዎ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ከፊሉ በነፃ ከተሰጠ ሥራ የተገነባ ነው፤ ያ ሥራ በሕግ ፊት እንዲከበር ካደረጉት ፍርዶች አንዱ ስለ ባቡር ዲኮደር የተሰጠ ነው።

ክስ ሁሉ ለገዢ እንዲህ አያበቃም። ኩባንያ በራሱ ጊዜም ይወድቃል፤ ማርክሊን የ150 ዓመት ልደቱን በሚያከብርበት በ2009፣ በየካቲት ወር፣ ማንም ሳይከሰው ኪሳራ አውጇል፤ በ2013 ሲምባ ዲኪ የተባለው የአሻንጉሊት ድርጅት ባለቤቶች ገዙት። ኤምቲኤችም በ2020 መሥራቹ ጡረታ መውጣቱን አስታወቀና ከብረት ቅርጽ ማውጫዎቹ ብዙዎቹ አትላስንና ስኬልትሬንስን ለመሳሰሉ ሌሎች አምራቾች ተሸጡ። ዳኛ ፊት አሥር ዓመት ሊጠጋ የተሟገቱለት ሥዕል ባለቤቱን ይቀይራል፤ እርስዎ የገዙት ባቡር ግን ጠረጴዛዎ ላይ ይቀራል። የሚገጥምለት መለዋወጫና የሚሰማው መቆጣጠሪያ ካለ ይሄዳል፣ ከሌለ ይቆማል።

ስለዚህ ስቶክሆልም ውስጥ ሎፒስ ከሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያም ሆነ ብሎኬት ከሚባለው የሽያጭ ድረ ገጽ ያገለገለ ሞዴል ባቡር ለልጅዎ ወይም ለራስዎ ሊገዙ ሲሄዱ የፋብሪካው ስም አያስደንቅዎ። ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ በስንት ሐዲድ ይሄዳል? ዲጂታል ነው? ከሆነስ ዲሲሲ ይሰማል? የእንጨት ከሆነ አይጨነቁ፤ ብሪዮውም ሊላቡውም አብረው ይሄዳሉ። ሻጩ መልሱን ካላወቀ ደግሞ ሎኮሞቲቩን ገልብጠው ሆዱን ይዩት፤ ረጅሙ የብረት ምላስ ካለበትና ቤትዎ የማርክሊን ሐዲድ ከሌለ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙት።